ለጀርባው የነገረችው

በሰፈሩ «ራዲዮ» ነበር የሚሉት። ትክክለኛ ስሙን እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ነገር ግን አፉ ከእጁ ይፈጥናል። የተበላሸ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ሲጎረጉር ለባለቤቱ ያወራል፤ ባለቤቱ ሲሰለቸው ለሠራተኛዋ ያወራል፤ ሁሉም ሲሸሹት ለፍሪጁ ያወራል።

«አንተ ልጅ፣ ባትሪህ አያልቅም እንዴ?» ሲሉት፣ «በፀሐይ ነው የምሠራው!» ይላል።

እሷ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ተጠርቶ መጣ። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ፣ ለአንዲት አሮጊት የኪኒን አወሳሰድ በትዕግሥት ስታስረዳ አያት። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ፣ ምላሱ ተሳሰረ። መፍቻውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ምነው? ራዲዮ ነው ብለውኝ አልነበር?» ብላ ሳቀችበት።

«ሞገዱ ጠፋብኝ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ።»

«ለእኔ ዶክተር ነሽ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማቀዝቀዣው ደህና ሆኖ ሳለ «እስኪ ልየው» እያለ ይመላለስ ጀመር። እሷም እያወቀች ታሳየው ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ፍርድ ቤት መሄድ ቢያቆሙም ፍርድ መስጠት አላቆሙም። ራዲዮ ፊታቸው ቀርቦ ልጃቸውን ሲጠይቅ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከጫማው እስከ ፀጉሩ ለኩትና፣ «ልጄን ምን ልታበላት ነው? ወሬ?» አሉት። ሰው ወሬኛ ሲለው የኖረ ልጅ ነው፤ ስድብ አይነካውም ነበር። ያቺ ቃል ግን ነካችው። አጥንቱ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ሁለቱ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ። እናቷ እያለቀሱ መጡ፤ አባቷ አልመጡም። ብዙም ሳይቆይ ራዲዮ ባሕር ማዶ ብረት የሚቆርጥና የሚጨፈልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሲሰናበታት፣ «አንቺን ወስጄ፣ ቤት ሠርቼ፣ ያን ጊዜ አባትሽን ዓይን ዓይናቸውን አያቸዋለሁ» አላት። እዚያ እንደ ደረሰና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዳገኘ፣ ሚስቱን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገባ።

መጀመሪያ ላይ ስልኩ አያርፍም ነበር። ስለ አለቃው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ሁሉንም ያወራላታል። እሷ ተኝታ እሱ ያወራል። ከዚያ ጥሪው አጠረ። ከዚያ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ማለት መጣ። በመጨረሻም ስትደውል እያነሳ ይዘጋና፣ «ሥራ ላይ ነኝ፤ ጻፊልኝ» የሚል መልእክት ይልክ ጀመር። የሚጽፈው ደግሞ ደረቅ ነው፤ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በርቺ።» ያ በፀሐይ የሚሠራው ሰው በአምስት ቃል አለቀ።

ማመልከቻው ሲጠየቅ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት ገባ፤ አሁንም በሂደት ላይ ነው። ባሏም ልክ እንደ ማመልከቻው ሆነባት፤ አለም አይባል፣ የለም አይባል።

ለእሱ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። በስልክ የማይነገር፣ በጽሑፍ የማይሆን ነገር። ዓይኑን እያየች ልትነግረው ፈልጋ የጎብኚ ቪዛ ጠየቀች። «የባል ማመልከቻ እያለሽ ማን ይሰጥሻል? ትቀራለች ብለው ይጠረጥሩሻል» ያላት ሰው ብዙ ነው። ተሰጣት። ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ ስታይ ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ፍርሃት ነበር።

*

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መስኮት ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ፓስፖርቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች።

«ባልሽ እዚህ ነው። ማመልከቻም አለሽ። እመለሳለሁ ብለሽ እንዴት ልመንሽ?»

«ሥራ አለኝ። የመመለሻ ቲኬት አለኝ።»

«እሱማ ሁሉም አለው።»

«ብቀር ማመልከቻው ይበላሽብኛል» አለች በመጨረሻ። «እኔ በበሩ ነው መግባት የምፈልገው።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና ማህተሙን መታች። ፓስፖርቷን ተቀብላ ወጣች።

ራዲዮ ከሰው መካከል ቆሞ ነበር። ከስቷል። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ካፖርቱ ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስላል። ሲያቅፋት ግን የድሮው እቅፍ ነበር፤ እግሯ ከመሬት ለቀቀ። ደረቱ ላይ ተለጥፋ፣ «ናፍቀኸኝ ልሞት ነበር» አለችው።

አልመለሰላትም። ዝም ብሎ ፀጉሯን ይዳብሳል።

«አልናፈቅኩህም?»

አሁንም ዝም። ለቀቅ አድርጓት ፊቷን ሲያይ ፈገግ አለና፣ «ጉዞው እንዴት ነበር?» አላት። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ አጠገባቸው ያለፉ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ወዲያው ራሱን እንደያዘ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አለ።

በባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አጠገቧ ቦታ ነበር፤ እሱ ፊት ለፊት መረጠ። ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ ስታወራለት ዓይኑ ከከንፈሯ አይነቀልም። ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። እንዲህ አድርጎ ያያት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ መፍቻ ይዞ የቆመ ቀን ብቻ ነው። አሁንም ይወደኛል ብላ አሰበችና ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ «እናትህ የላኩልህ ሹራብ ሻንጣው ውስጥ ነው» አለችው።

«አዎ፣ እዚህ ይበርዳል» አላት።

ሹራብና ብርድ ስለሚገናኙ ዝም ብላ አለፈችው። ከባቡሩ ወርደው በእግር ሲሄዱ ደግሞ በግራ ጎኑ ብትሆን ዘወር ብሎ ወደ ሌላው ጎኗ ይሻገራል፤ እጁን ልትይዝ ስትል እየተሻገረ ያመልጣታል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ሳቋ ሞተ። ከእኔ ጋር መታየት አፍሮ ይሆን?

*

የሚኖረው ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መስኮት፣ መስኮቱን የሚሸፍን እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ መጋረጃ። ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ ብርሃን እንዳይገባ የሰቀለው ነው። ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን የሚጋራው በአጠገቡ ያለውን ክፍል ከተከራየ አንድ የአገሩ ሰው ጋር ነው፤ ዕድሜው ገፋ ያለ የአውቶቡስ ሹፌር። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል።

ጋሼ በደስታ ተቀበላት። ራዲዮ ወደ ሥራ እንደወጣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሻይ ቀዳላትና ልቡን አወጣ።

«እንኳን መጣሽ፣ ልጄ። እንደው ባልሽን ምክሪልኝ።»

«ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«ኮርቷል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ወሬው ጥርሴን ያስረግፈኝ ነበር። አሁን ሰላም ስለው ጥሎኝ ያልፋል። በሩን ባንኳኳ አይከፍትም። የአገር ልጆች ሲጠሩት አይሄድም። በፊት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን እንጫወት ነበር፤ እሱንም ተወ።» ሻዩን አማሰለ። «ሰው እንዲህ የሚሆነው ወይ ገንዘብ ሲያገኝ ነው፣ ወይ ደግሞ…» ብሎ አቆመ።

«ወይ ምን?»

«ተይው። ሽማግሌ ዝም ብሎ ይቀባጥራል።»

የቀረችውን ቃል ራሷ ሞላቻት። ወይ ደግሞ ልቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ። እያንዳንዱን ነገር በዚህ ዓይን ስታየው ሁሉም ልክ ልኩን ይዞ ተቀመጠ። የተዘጋው ስልክ። የደረቀው መልእክት። ስታወራው የሆነ ቦታ ደርሶ የሚመለሰው ፊቱ። ያለ ቦታው የሚስቀው ሳቅ። ስልኩን ከኪሱ የማይለየው፣ ንዝረቱን ገና ሳትሰማው የሚያነሳው።

«ያቺ ማን ናት?» ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ከመጠየቅ ይልቅ መንገር ይሻላል አለች። የያዝኩትን ነግሬው ፊቱን ልየው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አውቃለሁ።

ፊቱን አይታ የምትነግርበት ድፍረት ግን አልመጣም። በየቀኑ ነገ እያለች አሳደረችው።

*

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ውጭ ፀሐይ አለ፤ ክፍሉ ግን በመጋረጃው ምክንያት ጉድጓድ ይመስላል። ጎን ለጎን ተኝተዋል። እሱ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ ጆሮውን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷታል። እንዳልተኛ ታውቃለች፤ ሲተኛ አተነፋፈሱ ሌላ ነው። ጣቶቹ የአንሶላውን ጠርዝ ይነካካሉ።

ጨለማው ደፋር አደረጋት።

«የምነግርህ አለኝ» አለች ለጀርባው። «አትዙር። ካየኸኝ አልጨርሰውም።»

አልዞረም።

«ስትሄድ አላወቅኩም ነበር። ከሄድክ በኋላ ነው ያወቅኩት። አርግዤ ነበር።»

ጣቶቹ የአንሶላውን ጠርዝ መነካካታቸውን ቀጠሉ። ዝም ብሎ እያዳመጠኝ ነው አለች።

«ብነግርህ ሁሉን ጥለህ እንደምትመጣ አወቅኩ። አውቅሃለሁ፤ በማግስቱ ነበር የምትመጣው። ወረቀትህ ይጨረስ፣ ያኔ እነግረዋለሁ አልኩ። በቪዲዮ ስናወራ ካሜራውን ፊቴ ላይ ብቻ የማደርገው ለዚያ ነበር። ትዝ ይልሃል? ‹ወፍረሻል፣ ጉንጭሽ ሞልቷል› ብለኸኝ ሳቅክ። ከዚያ በሳምንቱ ሥራ ላይ ቆሜ… ጨነገፈብኝ። ሆስፒታል ያደረሱኝ አባዬ ናቸው። ኮሪደር ላይ ቆመው አለቀሱ፤ አባዬ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ለአንተ እንዳይነግሩህ አስማልኳቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ያልነገርኩህን ነገር ሞተ ብዬ እንዴት ልንገርህ?»

በጨለማው ውስጥ እጁ እስኪመጣ ጠበቀች። አንዲት ቃል ትበቃታለች። «እኔን» ቢላት ይበቃታል።

ራዲዮ ተንጠራራ። ተነስቶ መብራቱን አበራና ዞሮ ሲያያት ፈገግ አለ።

«ነቅተሻል እንዴ?» አለ። «ሻይ ላፍላ?»

ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ያፏጫት የነበረች የድሮ ዜማ ከአፉ ልትወጣ ሞክራ ቀረች። እሷ አልጋው ላይ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች። ሌላ ሴት ብትኖር ይሻል ነበር። ይሄ ከዚያ የባሰ ነው። በውስጧ የሆነ ነገር፣ እስከ አሁን ድረስ የያዛት ክር፣ በጸጥታ ተበጠሰ።

*

በማግስቱ ጠዋት እሱ ከሥራ ሲመለስ ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ቲኬቷን ልታስቀይር ወስናለች። እሱ ሻንጣውን አላየም፤ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብቶ ቁርስ ሊያበስልላት መጥበሻ ጣደ። ቢላና ዳቦ አነሳ፤ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ይቆርጥ ጀመር።

የምትለውን አዘጋጅታ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣች። «እኔ ልሂድ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። በሩ ላይ ስትደርስ መጥበሻው ውስጥ ያለው ቅቤ ሲጠቁር አየች። ጭሱ ተጠቅልሎ ወደ ጣሪያው ወጣና የጭስ ማንቂያው ደወል ጮኸ።

ጩኸት አይባልም፤ በመርፌ ጆሮ እንደ መውጋት ነው። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች። ከጋሼ ክፍል፣ «ኧረ ምንድነው? አጥፉት!» የሚል ጩኸት መጣ።

ራዲዮ ዳቦ ይቆርጣል።

ደወሉ በትክክል ከአናቱ በላይ ነው። ትከሻው አልተነቃነቀም። ቢላው በዝግታ ይወርዳል፣ ይወጣል። አንዱን ቁራጭ አንስቶ ውፍረቱን አየ፤ ወፈረበት መሰል፣ አሳስቶ ሌላ ቆረጠ።

እጆቿ ከጆሮዋ ላይ ወረዱ።

«ራዲዮ!» አለች። ጮኸች። «ራዲዮ!»

ቀና ያደረገው የጭሱ ሽታ ነው። ዘወር ሲል መጀመሪያ ምድጃውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ፊቷን ሲያይ ቢላው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ፊት ሆነ። ተሯሩጦ ምድጃውን አጠፋ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ጣቱን ደወሉ ላይ ጫነ። ጸጥ አለ።

«አመለጠኝ» አለ ወንበሩ ላይ እንደቆመ። «ሰምቼው ነበር እኮ። ላጠፋው እያልኩ…»

«ውረድ።»

ወረደ። ቀረበችው። መዳፏን አንስታ አፏን ሸፈነችና ከመዳፏ ጀርባ አንድ ነገር ጠየቀችው። ከዚያ እጇን አወረደች።

«ምን አልኩህ?»

ዓይኑ የሸፈነችበት ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ።

«ምን አልኩህ፣ የኔ ጌታ?»

«እሄዳለሁ አልሽ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ጥዬህ ልሄድ ነው አልሽኝ።»

እሷ ያለችው «ትወደኛለህ?» ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱ ፊቷ ተንበረከከ። አሁን ገባት፤ ለምን ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ፣ ለምን ዘወር እያለ በቀኙ እንደሚያደርጋት፣ ለምን ዓይኑን ከከንፈሯ እንደማይነቅል። ስንት ቀን በደስታ የቀላችበት እይታ የተራበ ሰው እይታ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ግራው ቆየ። ምንም የለም፤ ግድግዳ ነው። ቀኙ ገና ትንሽ አለው። በዝግታ ካወራሽኝ፣ ከቀረብሽኝ።» ያ ወሬኛ ቃል በቃል እየለቀመ ተናገረ። «ማሽኑ ነው። መሸፈኛ ይሰጡናል፤ ከሸፈንኩ ደግሞ አለቃው ሲጮህብኝ አልሰማም፣ ካልሰማሁ ያባርሩኛል። አወለቅኩት። በኋላ ሸፍኜም ሳልሸፍንም አንድ ሆነ። በስልክ ድምፅሽ እንደ ትንኝ ሆነብኝ። ‹እ? እ? ምን አልሽ?› ከምልሽ ብዬ ነው ጻፊ ያልኩሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሥራውን ተው ትይኛለሽ። ሥራ ከሌለኝ ማመልከቻው ይወድቃል። አባትሽ…» አቀረቀረ። «ወሬም የሌለው ሆንኩ እኮ። አሁን ምን ላብላሽ?»

ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ቀና አደረገችው።

«ትናንት፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተኝተህ ሳለ፣ አንድ ነገር ነግሬሃለሁ።»

«ምን?»

ያን ሁሉ ጊዜ ተሸክማ ያመጣችው፣ አንዴ በጨለማ ያወጣችው ነገር አሁን በብርሃን፣ በዝግታ፣ ከንፈሯን እየከፈተችና እየገጠመች መውጣት አለበት። ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቃሉን ቆራርጣ አወጣችው።

«አርግዤ ነበር።»

አያት። ፊቱ ተኮሳተረ። የራሱን ዓይን አላመነም።

«ድገሚው።»

«አርግዤ ነበር። ከሄድክ በኋላ። ጨነገፈብኝ።»

«አላየሁም። ደግመሽ ንገሪኝ።»

«አይተኸዋል» አለች እያለቀሰች። «አይተኸዋል፣ የኔ ፍቅር። ሦስተኛ አልችልም።»

ያኔ ከደረቱ የወጣው ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ እሱ አያውቅም። ፎቁ በሙሉ ሰማው። ጋሼ በር ድረስ በሩጫ መጥቶ፣ ሁለቱን ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ሲያይ፣ ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ይዞ ቆመና በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ራዲዮን ኮርቷል አላለም፤ በራሱ ግን አፍሮ ሰነበተ።

*

የጆሮ ሐኪሙ ራዲዮን በጠባብ ክፍል አስቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ገጥሞ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚጫናት ትንሽ ቁልፍ አስያዘው። እሷ ከኋላው ተቀመጠች። ዓይኗ አውራ ጣቱ ላይ ነው። ሐኪሙ አንዱን ቁልፍ ያዞራል፣ ሌላውን ያዞራል። አውራ ጣቱ አይንቀሳቀስም። አንዴ ተጫነ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ቆየ። ያቺ አውራ ጣት ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ለማስደሰት ብላ ብቻ ስትጫን አየች። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ምንም ድምፅ አልላከም ነበር።

የተባለው አጭር ነው። ግራው አልቋል። ቀኙን በመሣሪያና በክትትል ማዳን ይቻላል፤ ወደ ማሽኑ ካልተመለሰ። ከተመለሰ እሱም ይሄዳል።

ከሕክምናው ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ያካፋል። በቀኙ በኩል ሆነች።

«እስከ ወረቀቱ ድረስ ብቻ ልታገሥ» አለ። «ጥቂት ወራት ቢሆን ነው። አንቺ ትመጫለሽ፣ ከዚያ እተወዋለሁ።»

«አትታገሥም።»

«አንድ ጆሮ ለአንቺ ብሰጥ ምን አለበት? ብዙ ነው?»

«እኔ መጥቼ ምን ላደርግልህ ነው?» አለችው ወደ ፊቱ ዞራ። «ድምፄን በማትሰማበት ቤት ልታስገባኝ ነው? ስስቅ እንዳትሰማ? ሲከፋኝ በር ዘግቼ ባለቅስ እንዳታውቅ? በዚያ ዋጋ አልመጣም!»

«ሥራውን ከለቀቅኩ ማመልከቻው ያከትማል። ይገባሻል? ‹የሚያስተዳድርበት ገቢ የለውም› ብለው ነው የሚጥሉት። እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።»

«ይገባኛል።»

«ዶክተር…»

«ዶክተር አይደለሁም» አለች፤ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡባት። «ነገ ፋብሪካው ሄደህ ካልለቀቅክ፣ ቢሮው ድረስ ሄጄ ማመልከቻውን በእጄ ፈርሜ አነሳዋለሁ። እምላለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ቆመ፤ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ሁለቱም አልተነሱም። በሩን ዘግቶ ሄደ።

«አገር ቤት ልግባ እንግዲያው» አለ። «አብሬሽ ልመለስ።»

ያን ሲላት ልቧ ዘለለ። መድኃኒት ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ እዚያ የሌለውን ታውቃለች። ያ መሣሪያ እዚያ የለም፤ ክትትሉም የለም። «እሺ» ብትል በዓመቱ ቀኙም ይዘጋል። «እሺ» የምትለው ቃል ጥርሷ ሥር ነበረች። ነከሰቻት።

«መጀመሪያ ታከም» አለችው።

በማግስቱ ሄዶ ለቀቀ። ጋሼ በአውቶቡሶቹ ማደሪያ የጽዳት ሥራ ለመነለት፤ ግማሽ ቀን ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ለማመልከቻው የሚበቃ ገቢ አይደለም። ሁለቱ አብረው ሄደው ለቢሮው አሳወቁ። የተቀበላቸው ሠራተኛ በትሕትና፣ «ሁኔታው ሲሻሻል እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ» አላቸው። የሰው መለያየት በትሕትና ሲራዘም ያየችው ያን ቀን ነው።

ጋሼ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዋ አግኝቷት፣ «ልጄ፣ ዝም ብለሽ ቅሪ። ማን ያገኝሻል? ስንቱ ቀርቷል» አላት። አንድ ሙሉ ቀን አሰበችበት። ብትቀር ተደብቃ መኖር ነው፤ በሩም ለዘለዓለም ይዘጋል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ሊይዟት የመጡ እየመሰለው፣ ማንኳኳቱን እንኳ ሳይሰማ በሰቀቀን ይኖራል። ሻንጣዋን እንደገና አሰረች።

*

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተጓዡን ከሸኚው የሚለይ ረጅም የመስታወት ግድግዳ አለ። ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ሰው ተሰልፏል። አንዲት እናት መስታወቱን እየደበደቡ ይጮኻሉ፤ ከወዲያ ያለው ልጃቸው አልሰማም እያለ እጁን ያወናጭፋል። አንዱ ስልክ ያወጣል፣ አንዱ በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል።

እሷ ፍተሻውን አልፋ ዞረች። ራዲዮ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። በቀኝ ጆሮው ላይ አዲሱ መሣሪያ አለ፤ ገና አልለመደውም፣ የሰው ጫጫታ ሲበዛበት ፊቱን ያጨማድዳል። አውልቆ ኪሱ ከተተው። ከዚያ አያት።

«ብላ» አለችው ከዚህ ሆና፣ ያለ ድምፅ። «ክትትሉን እንዳታቋርጥ።»

«እሺ» አለ፣ እሱም ያለ ድምፅ።

«አባዬን እነግራቸዋለሁ። ሁሉንም።»

«እሺ።»

መስታወቱን የሚደበድቡት እናት ቆም ብለው ሁለቱን አዩአቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል መነጋገር የቻሉት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ወረፋው ገፋት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል እጁን አነሳ፤ ቆይ የሚል እጅ ነው። የሚለው ነገር እንዳለው ገባት። ከነገረችው ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ እንደዘጋ አይታለች። ድምፁን መመጠን ስለማይችል፣ ሊጠይቅ የፈለገው ነገር ደግሞ ሊጮህ የማይገባው ስለሆነ፣ በጎዳናም በክፍሉም ሊያወጣው አልደፈረም። አሁን መስታወት አለ። ማንም አይሰማም።

ከንፈሩ በዝግታ ተከፈተ።

«ወንድ ነበር፣ ሴት?»

ይሄን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሐኪሞቹ አልጠየቋት፣ እናቷ አልጠየቁ፣ አባቷ ኮሪደር ላይ ያለቀሱ ቀን አልጠየቁ። እሷም ለራሷ እንኳ በቃል ብላው አታውቅም። ከኋላዋ ያለው ሰው በሻንጣው ገፋ አደረጋት።

«ሴት» አለችው።

ዓይኑን አልጨፈነም፤ ቢጨፍን ያመልጠዋል። እንባው ፊቱ ላይ እየወረደ እያያት ቆመ። ወረፋው ወሰዳት፤ የሰው ትከሻ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ትከሻ ሸፈነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶዋን አስራ ተቀመጠች። መቼ እንደሚገናኙ አታውቅም፤ ይገናኙ እንደሆነም እርግጠኛ አይደለችም። ሐዘኑ ያው ነው፣ አንድ ፍሬ አልቀነሰም። ያን ሁሉ ጊዜ ግን ብቻዋን ያለቀሰችላት ልጅ፣ ዛሬ ከመስታወቱ ወዲያ የሚያለቅስላት አባት አገኘች።